ረቂቁ አልቋል፤ ተውኔቱስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች አዲስ ተውኔት ከሚጽፉ፣ ከሚያዘጋጁ፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ደርበው ከሚሠሩ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምረናል፤ የረዘሙትን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ገቢር ተውኔት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ 118 ገጽ ወጥቶታል። ያነበቡት ጓደኞቼ ሁሉ ወደውታል። አሁን ለቲያትር ቤት ላስገባው ወይስ የቀረኝ ነገር አለ? ደግሞስ መድረክ ላይ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ በሰዓቱ እንጀምር። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ልማድ የመጣው በእንግሊዝኛ በተወሰነ የፊደል መጠንና በሰፊ ኅዳግ ከሚተየብ ጽሑፍ ነው፤ በእኛ ፊደል አንድ ገጽ የሚይዘው ንግግር ስለሚለይ አይተማመኑበት። ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው አምስት አምስት ገጽ ይውሰዱና ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡ። 15ቱ ገጽ 18 ደቂቃ ከፈጀ አንዱ ገጽ 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነው፤ 118ቱ ወደ 142 ደቂቃ ይጠጋል። ለዝምታ፣ ለእንቅስቃሴና ለትዕይንት ለውጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲጨምሩበት ዕረፍቱ ሳይቆጠር ከሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ይህን ያህል ተመልካች ለማስቀመጥ የሚበቃ ጉዳይ አለዎት ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ስሌት በኋላ ነው የሚመጣው።

ጓደኞችዎ ያነበቡት በዓይናቸው ነው። ዓይን ያልገባውን ይመለስበታል፣ የሰለቸውን ይዘለዋል፤ ተመልካች ሁለቱንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ለቲያትር ቤት ከመድረሱ በፊት ተውኔቱ ከተዋንያን አፍ መሰማት አለበት። የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ በቂ ቅጂና ግማሽ ቀን ነው።

ጽሑፉን ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድመው ለተዋንያኑ ይስጡ። ድንገት የሚያነብ ሰው ይደናቀፋል፤ የእሱን መደናቀፍ ከጽሑፉ ጉድለት መለየት ደግሞ አይቻልም። ሰው ካነሰዎት አንዱ ሁለት ትናንሽ ሚናዎችን ደርቦ ይያዝ፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ሁለት ገጸ ባሕርያትን ግን ለአንድ ሰው አይስጡ። የመድረክ መግለጫውን የሚያነብ ራሱን የቻለ ሰው ይመድቡ፤ ሁሉንም እንዳያነብ ድርጊቱን ለመከተል ግድ የሆነውን ብቻ አስምረው ይስጡት። እርስዎ አንድም ሚና አይያዙ። የሚያነብ ደራሲ የሚሰማው ራሱን ነው።

የአድማጮቹን ፊት በሚያዩበት በኩል ይቀመጡ። በቅጂዎ ኅዳግ ላይ አራት ምልክት ብቻ ይጠቀሙ፦ አድማጭ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ሰረዝ፣ ሲስቅ ክብ፣ ተዋናይ ሁለቴ የተሰናከለበት ዐረፍተ ነገር ላይ መስቀል፣ እርስዎ ራስዎ ያፈሩበት ቦታ ላይ ነጥብ። ዐረፍተ ነገር መጻፍ ከጀመሩ ቀጣዩ ገጽ ያመልጥዎታል። በየትዕይንቱ መጨረሻ ሰዓቱን ይመዝግቡ። ንባቡ እንዳለቀ ማንም ሳይናገር አምስት ደቂቃ ወስደው የራስዎን ስሜት ይጻፉ፤ የሰው አስተያየት ከተሰማ በኋላ የራስዎን መልሰው አያገኙትም።

ከዚያ ሁለት ቀን ጽሑፉን አይንኩ። ሲመለሱ መስቀሎቹን ቀድመው ያርሙ፤ ቀላሎቹ እነሱ ናቸው። ሰረዝ የተደረደረበት ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አይስተካከልም። ገጽ 70 ላይ አድማጩ የሰለቸው ገጽ 20 ላይ ማወቅ የነበረበት ስላልተነገረው፣ ወይም እስከ መጨረሻው ሊጠብቀው የሚገባው ቀድሞ ስለተነገረው ሊሆን ይችላል። ገጽ 70ን ማሳጠር መሰላቸቱን ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለሁለተኛው ንባብ ሌሎች አድማጮች ይጥሩ። የመጀመሪያውን የሰሙት ያረሙትን ካላረሙት ጋር ያወዳድራሉ እንጂ እንደ ተመልካች አይሰሙም። በዚህኛው ተዋንያኑ ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው መግባትና መውጣት፣ መነሳትና መቀመጥ ይችላሉ። በአሜሪካ ኮነቲከት እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የዩጂን ኦኒል የቲያትር ማዕከል አዳዲስ ተውኔቶችን የሚፈትሸው በዚህ ዓይነት ንባብ ነው፤ ሙሉ የመድረክ ግንባታም አልባሳትም የለም፣ ትኩረቱ ሁሉ ጽሑፉ ላይ ነው። ለቲያትር ቤት የሚያስገቡት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ገጽ ቢጋር፣ የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ከነዕድሜያቸው፣ የሚያስፈልገው የተዋናይ ቁጥርና የቦታ ለውጡ ብዛት ከፊት ይሁን፤ አንባቢው ኮሚቴ ወጪውን የሚገምተው ከነዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከንባቡ በኋላ ውይይት አደረግን። አንዱ መጨረሻው ይቀየር አለኝ፤ ሌላዋ እናትየዋ መሞት አለባት አለች፤ ሦስተኛው ኮሜዲ ብታደርገው ይሻላል አለ። ሁሉንም ጽፌ ሳበቃ የራሴ ተውኔት ጠፋኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሰዎቹ ላይ አይፍረዱ፤ ውይይቱን የሚመራ ሰው አልነበረም። አሜሪካዊቷ የውዝዋዜ ደራሲ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ያዘጋጀችው ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ዛሬ በቲያትርም በሰፊው ይሠራበታል። በመጀመሪያ አድማጮች ልባቸው ውስጥ የቀረውን ብቻ ይናገራሉ፤ ትችትም ምክርም አይፈቀድም። ቀጥሎ ደራሲው ይጠይቃል፣ እነሱ ይመልሳሉ። በሦስተኛው አድማጮች ደራሲውን ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ግን አስተያየት ያዘለ መሆን የለበትም። በመጨረሻ አስተያየት ያለው ሰው «ስለ መጨረሻው ትዕይንት አስተያየት አለኝ፤ መስማት ትፈልጋለህ?» ብሎ ያስፈቅዳል። ደራሲው «አይ፣ አሁን አልፈልግም» ማለት ይችላል።

የሚከብደው ሦስተኛው ነው። «መጨረሻው ለምን ደበዘዘ?» የጥያቄ ምልክት የተለጠፈበት ፍርድ ነው። «ልጅቷ በሩን ዘግታ ስትወጣ ተመልካቹ ስለ እሷ ምን እንዲያውቅ ፈልገሃል?» ግን ጥያቄ ነው፤ ደራሲው ሲመልስ የጎደለውን ራሱ ይሰማዋል። መሪው ደራሲውም አዘጋጁም ባይሆን ይመረጣል፤ ፍርድ ያዘለ ጥያቄ ሲመጣ «እንደገና ጠይቀው» የማለት ድፍረት ያለው ሰው ይሁን። 45 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰዎች ስለ ተውኔቱ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

አሁን በእጅዎ ስላሉት ሦስት አስተያየቶች። ታማሚ የት እንደሚያመው ያውቃል እንጂ መድኃኒቱን እሱ አያዝም፤ አድማጭም እንዲሁ ነው። «መጨረሻው ይቀየር» ያለውና «እናትየዋ ትሙት» ያለችው አንድ ቦታ ሳይጠቁሙ አልቀሩም፦ በሁለተኛው ገቢር ማንም ምንም አላጣም። ያ ከሆነ እናትየዋን ሳይገድሉ፣ መጨረሻውንም ሳይነኩ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ለውሳኔው የሚከፍለውን ዋጋ መጻፍ ሁለቱንም ይመልሳል። «ኮሜዲ አድርገው» ያለው ሰው የሳቀባቸውን ቦታዎች ከክቦችዎ ጋር ያስተያዩ። እርስዎ ሳያስቡት የሳቀ ከሆነ እዚያ ያለው ንግግር ከሚገባው በላይ ከብዷል።

ጥያቄ፦ የራሴን ተውኔት የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። ሌላ አዘጋጅ ያበላሽብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እኛን የሚያሰጋን ስለ ተውኔቱ ያለዎት እውቀት ነው። ሌላ አዘጋጅ «ይሄ ሰው አሁን ምን አናደደው?» ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ ግን ጽሑፉ ላይ የሌለውንም ስለሚያውቁ ለተዋናዩ ቀስ ብለው ይነግሩታል፤ እሱም ይጫወተዋል፤ ቀዳዳው ተሸፍኖ ያልፋል። ሌላ ተዋናይ ሲተካ ወይም ሌላ ቡድን ሲሠራው ይከፈታል። ደራሲ የሆነ አዘጋጅ ደካማ ትዕይንትን በሙዚቃና በመብራት የመደገፍ ፈተናም አለበት። ትዕይንቱ ያለ ሙዚቃ ካልቆመ ሙዚቃውን አያስገቡ፤ ወደ ጽሑፉ ይመለሱ።

የሚጠቅም ደንብ፦ አንድን ነገር ለተዋናይ ሁለት ጊዜ በቃል ማስረዳት ካስፈለገዎት ጽሑፉ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። እዚያው አይፍቱት፤ ከአዘጋጅ ማስታወሻዎ የተለየ «የደራሲ ደብተር» ላይ የገጹን ቁጥር ጽፈው ልምምዱን ይቀጥሉ። ማታ ደራሲው ያየዋል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተቀላቀሉ ተዋንያኑ የቆሙበት መሬት ይናወጣል፤ ጥዋት የያዙትን ንግግር ከሰዓት ስለሚነጠቁ ቃል መያዝ ያቆማሉ።

ለ90 ደቂቃ ተውኔት በየደቂቃው ወደ አንድ ሰዓት ልምምድ ይመድቡ፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት ቢሠራ 96 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የደራሲው ነው፦ ቢያንስ አራቱ ቀን በጠረጴዛ ዙሪያ ይለቅ፣ የሚጻፈው ሁሉ እዚህ ይጻፍ። በሁለተኛው ሳምንት የመድረክ እንቅስቃሴው ይያዛል፤ ለውጥ ቢኖር ትዕይንቱ ከሚሠራበት 24 ሰዓት በፊት ተዋናዩ እጅ ይግባ። የሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጽሑፉ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ሲቀንሱም ይጠንቀቁ፤ የአንዱ የመጨረሻ ቃል የሌላው መግቢያ ስለሆነ ቅነሳውን ለአንዱ በኮሪደር መንገር ሌላውን መድረክ ላይ ያስቀረዋል። ሁለቱንም አቁመው ከቅነሳው በፊትና በኋላ ያሉትን ንግግሮች ሦስት ጊዜ ያስብሏቸው። አራተኛው ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ለሚደረጉ ሙሉ ልምምዶችና ለቴክኒክ ነው።

አዲስ ገጽ ሲገባ ቀን ይጻፍበት፣ በተለየ ቀለም ወረቀት ይታተም፤ ከገጽ 34 በኋላ የተጨመረው 34ሀ ይባል እንጂ የተከተሉት ገጾች ቁጥር አይቀየር። የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎቹ ማስታወሻ በአሮጌው ቁጥር ስለሆነ አንድ ገጽ ቢንሸራተት ሁሉም ይዛባል። የተተካውን ገጽ ከእያንዳንዱ ሰው ይሰብስቡ። ዋናው ቅጂ አንድ ብቻ ሆኖ በመድረክ አስተባባሪው እጅ ይቀመጥ፤ ክርክር ሲነሳ ዳኛው እሱ ነው፣ በደራሲውም ላይ ጭምር።

በመጨረሻም የተውኔት አማካሪ ይያዙ። ጀርመናዊው ሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1767 በሃምቡርግ ቲያትር ከተቀጠረበት ጊዜ ወዲህ የታወቀ ሙያ ነው። አማካሪው በየቀኑ አይምጣ፤ ከለመደው እንደ እርስዎ ዓይኑ ይታወራል። የመጀመሪያውን ንባብ፣ የሁለተኛውን ሳምንት መጨረሻና የመጀመሪያውን ሙሉ ልምምድ ይይ። ከሱ የሚፈለገው ያየውን ታሪክ በራሱ አፍ መልሶ መንገር ነው፤ ከጻፉት የተለየበት ቦታ የእርስዎ የቤት ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ተዋንያን ንግግሬን በራሳቸው አባባል ይለውጡታል። ልከልክላቸው? በልምምድ ላይ በፈጠራ የመጣ ንግግርስ የማን ነው?

መልስ፦ ቃሉን በመዘንጋት የሚለውጡትን ይከልክሉ። አንድ ተዋናይ በተደጋጋሚ አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚለውጠው ከሆነ ግን ይስሙት፤ አፍ የማይገባ ዐረፍተ ነገር ነው። ባለቤትነቱን በተመለከተ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ተውኔቱ ከተወደደ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በብሪታንያ የተመሠረተው ጆይንት ስቶክ የተባለው ቡድን የታወቀበት አሠራር ለዚህ ይመቻል፦ ደራሲ፣ አዘጋጅና ተዋንያን ለጥቂት ሳምንታት በጋራ ጉዳዩን ያጠናሉ፤ ከዚያ ደራሲው ብቻውን ሄዶ ይጽፋል፤ ልምምዱ የሚጀመረው በተጻፈው ነው። ማን ጻፈው የሚለው ግልጽ ነው፤ የተዋንያኑ አስተዋጽኦ በክፍያና በፕሮግራሙ ላይ በሚሰፍር ስም ይታወቃል።

ጥያቄ፦ አዳራሹን የምናገኘው ከመክፈቻው በፊት ለሁለት ቀን ብቻ ነው። መብራትና ድምፅን በዚህ ጊዜ ማድረስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሥራው ቀድሞ በወረቀት ካለቀ። ከሳምንት በፊት አዘጋጁ፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎቹና የመድረክ አስተባባሪው ለሦስት ሰዓት ተቀምጠው እያንዳንዱን ኪው፣ ማለትም መብራት ወይም ድምፅ የሚለወጥበትን ቅጽበት፣ ይቁጠሩ። መብራቱ በቁጥር፣ ድምፁ በፊደል ይሰየም፤ «12» እና «ሐ» ጨለማ ውስጥ አይምታቱም።

በመጀመሪያው ቀን ጥዋት ተዋንያን ሳይኖሩ መብራት ይነጣጠር፣ የድምፅ መጠን ይለካ። ከሰዓት ከኪው ወደ ኪው ይዘለላል፦ ተዋንያኑ ከለውጡ ሦስት አራት ንግግር ቀደም ብለው ይጀምራሉ፣ ለውጡ ያልፋል፣ ይቆማል፣ ወደሚቀጥለው። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ቢመደብ 60 ኪው አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ጨለማ፣ ድምፅና የልብስ ለውጥ የተደራረቡበት አንዱ ብቻውን 20 ደቂቃ ሊበላ ስለሚችል ከነዚህ ይጀምሩ። አስተባባሪው «12፣ ተዘጋጅ» ብሎ ቀጥሎ «ሂድ» ይላል። «ሂድ» የሚለውን ቃል በመገናኛው ላይ ሌላ ማንም ለሌላ ነገር አይጠቀምበት። ሁለተኛው ቀን በሙሉ አልባሳት ለሚደረግ ሁለት ሙሉ ልምምድ ይሁን።

በአዲስ ተውኔት የሚደጋገመው ችግር ደራሲው ልብስ የሚለወጥበትን ጊዜ አለማስላቱ ነው። 70 ሴኮንድ ለሚፈጅ ለውጥ ጽሑፉ የሰጠው 40 ሴኮንድ ይሆናል። በዚህ ሰዓት መሸፈኛ ንግግር አይጻፉ፤ ማንም አይዘውም። ሁለተኛውን ልብስ ከሥር ያስለብሱ፣ አዝራሩን በማጣበቂያ ይተኩ፣ ወይም በሙዚቃ 30 ሴኮንድ ይግዙ። እንዲህ ያለውን ለውጥ በሦስተኛው ሳምንት በማንኛውም አሮጌ ልብስ መሞከር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ተውኔቴ በመክፈቻው ምሽት አልተወደደም። ጽሑፉ ነው ዝግጅቱ? ልተወው?

መልስ፦ በአንድ ምሽት አይታወቅም። የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭ ተውኔት «ሲጋል» እ.ኤ.አ. በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ ሲከፈት በጥቂት ቀን ልምምድ ነበር የቀረበው፤ ምሽቱ የአንዲት ታዋቂ የኮሜዲ ተዋናይት የክብር ዝግጅት ስለነበር ታዳሚው ሊስቅ ነው የመጣው፤ ተጮኸበት። በቀጣዮቹ ምሽቶች አቀባበሉ ተሻሻለ። በ1898 በሞስኮ አርት ቲያትር በአዘጋጆቹ በስታኒስላቭስኪና በኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ በሚገባ ተጠንቶ ሲቀርብ ግን በታላቅ አድናቆት ታየ። ይህን የምናነሳው ሁሉም የወደቀ ተውኔት ድብቅ ዕንቁ ነው ለማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም።

መለያው ይህ ነው። ቢያንስ ሦስት ትርዒት ከኋላ ሆነው ይመልከቱና ተመልካቹ የሚቁነጠነጥባቸውን ደቂቃዎች ይመዝግቡ። በሦስቱም ምሽት አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ንባብ ምልክቶችዎ ይመለሱ። እዚያም ሰረዝ ካለ ጽሑፉ ነው፤ ንባቡ ላይ ሕያው የነበረ ትዕይንት መድረክ ላይ ከሞተ ዝግጅቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት፣ የማይሰማ ድምፅ ወይም ረዥም የትዕይንት ለውጥ። ቦታው በየምሽቱ ከተቀያየረ የትወናው ወጥነት ይታይ።

ጥያቄ፦ በልምምድ ጊዜ መጻፍ አልችልም፤ ስጽፍ ደግሞ ሌላ ሥራ ያመልጠኛል። በዓመት አንድ አዲስ ተውኔት ለማውጣት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመጀመሪያ ረቂቅ እስከ መክፈቻ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ብዙ ነው፤ በዓመት አንድ የሚያወጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሥራ በተለያየ ደረጃ የያዘ ነው። አንዱ ማስታወሻ ላይ፣ አንዱ ረቂቅ ላይ፣ አንዱ ልምምድ ላይ። ሁለት ረቂቅ በአንድ ጊዜ ግን አይሞክሩ፤ ገጸ ባሕርያቱ እንደ አንድ ሰው መናገር ይጀምራሉ። በልምምድ ሳምንታት አዲስ ጽሑፍ ከራስዎ አይጠብቁ፤ ለሚቀጥለው ሥራ በቀን 20 ደቂቃ ማስታወሻ መያዝ ይበቃል። የቀን መቁጠሪያው ላይ ቀድመው የሚቆልፉት የንባቡን ቀን ይሁን። ተዋንያን የተጠሩበት ቀን ካለ ረቂቁ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ደራሲ በመክፈቻው ምሽት የት ይቀመጥ?

መልስ፦ ከኋላ፣ በመተላለፊያው ዳር፤ የሰዎች ትከሻ የሚታየው ከዚያ ነው። ብርሃን ያለው ስልክ ሳይሆን እርሳስና ወረቀት ይያዙ። ከትርዒቱ በኋላ ተዋንያኑን ያመስግኑ፤ ማስታወሻውን በማግስቱ ለአዘጋጁ ብቻ ይስጡ። አዘጋጁም እርስዎ ከሆኑ ከሚቀጥለው ትርዒት ሁለት ሰዓት በፊት ቡድኑን ሰብስበው ከአሥር ያልበለጡ ነጥቦችን ይንገሩ።